ጋቢ የሆነው ከፈን

በአንድ ወቅት፣ ወሬውን ሁሉ ከድርና ከማግ ጋር የጨረሰ ወንድይፍራው የሚባል ሸማኔ ነበር። ሚስቱ ሞታበታለች፤ ልጅም አልወለዱም። ጭኑ ላይ እብጠት ሲወጣበት አልደነገጠም። ሠላሳ ዓመት ከሽመናው ጉድጓድ ጠርዝ ጋር ሲፋተግ የኖረ ጭን ቢያብጥ ምን ይገርማል? ቅቤ ቀባው፤ በወጌሻ አሳሸው። እብጠቱ ግን ብርቱካን አከለ፤ ቆይቶም የሕፃን ራስ።

እህቱ ትርንጎ ልትጠይቀው ከሩቅ አገር መጣች። አየችውና ሳትቀመጥ፣ «ተነስ፣ ሐኪም ቤት» አለችው።

«ይቺን ድር ልጨርስ።»

መቀስ አንስታ የተወጠረውን ድር ቆረጠችው። ለሸማኔ ከዚህ የባሰ ንቀት የለም። አኩርፎ፣ መንገዱን ሙሉ ሳያናግራት ተከተላት።

ዶክተር ምንትዋብ መረመረችው። ካንሰር ነበር፤ ሳንባው ላይም ዘሩን ጥሏል። ባልደረቦቿ እግሩ ይቆረጥ አሉ። እሷ ግን፣ «ሸማኔ በምን ይረግጣል?» ብላ ከጠዋት እስከ ከሰዓት ቆማ ዕጢውን ከነዙሪያው አወጣችው፤ እግሩ ተረፈ። ለሳንባው መድኃኒት አዘዘችለት።

«ስንት ጊዜ አለኝ?» አላት።

«ዓመት ከቆዩ ጥሩ ነው፣ ጋሼ።»

ቤቱ ተመለሰና የራሱን ከፈን ሠራ። በሌላ ሰው ሸማ መቀበርን ጠላ።

መድኃኒቱ ጠጉሩንም የምግብ ፍላጎቱንም ወሰደው። ከሁለት ዙር በኋላ አልሄድም ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ጎረቤቱ አንሙትም ሸማኔ ነው። አልመከረውም፤ አላለቀሰለትም። በየማለዳው በር ላይ ቆሞ፣ «ጋሽ ወንዴ፣ ድሬ ተበጥሶብኛል። እንዳንተ የሚቀጥል የለም» ይለዋል። ወንድይፍራው እየተራገመ፣ ምርኩዙን ይዞ ይሄዳል። ክሩን ይቀጥላል፤ የሰው ቤት ነውና የቀረበለትን ይቀምሳል። እንዲህ እያለ ጉልበቱ ተመለሰ፤ መድኃኒቱንም ጨረሰ። አንድ ቀን ክሩን ልብ ብሎ ሲያየው በጥርስ የተበጠሰ ነው። እንደ ወትሮው ቀጠለው። ከተናገረ ነገ የሚጠራው እንዳይኖር ፈራ።

አራት ዓመት ኖረ። ሳጥን ውስጥ የተቀመጠው ከፈን አሳፈረው፤ ጥለት ጨምሮ ጋቢ አደረገው። «ላቆየኝ ሰው ነው» አለ። ዘንድሮ የሳንባው ሕመም በሳል ሲመለስበት፣ ማን እንዳቆየው ሦስቱንም ጠየቀ።

ትርንጎ፣ «እኔ ባልጎትትህ ማንን ያክሙ ነበር?» አለች።

እስከ ዛሬ ቤቱ እየመጣች የምታየው ዶክተሯ፣ «የነቀልኩት እኔ ነኝ። እውነት ለመናገር ግን የእርስዎ ካንሰር ዘገምተኛ ዓይነት ነበር፤ እሱ ከማናችንም አይደለም» አለች።

አንሙት ጣራ ጣራውን እያየ፣ «እኔ እንኳ ክር ነው የበጠስኩት» አለ።

ጋቢ ለሦስት ቢቀደድ ጋቢነቱ ይቀራል። ለአንዱ ቢሰጥ ደግሞ ሁለቱ ይቀየሙ ይሆናል፤ የወንድይፍራውን በር የሚያንኳኳ ሰው በዓለም ላይ እነዚህ ሦስት ብቻ ናቸው። ስለዚህ ጋቢውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ጆሮውን ወደ በሩ ጥሎ ይውላል። ሳሉ በየቀኑ ይብሳል።

እስቲ እናንተ ፍረዱ። ጋቢው የሚገባው ለማን ነው? ወይስ አንዳቸውም እንዳይቀየሙት፣ ተመልሶ የእሱ ከፈን ይሁን?