ድል ድል ነው ያለው አያ ጅቦ

በድሮ ዘመን፣ አውሬና የቤት እንስሳ ጎረቤት በነበሩበት ጊዜ፣ ኩራተኛ አንበሳ፣ ምላሰኛ ጦጣና ሆዳም ጅብ ነበሩ። ጅብ ሆዳምነቱን ዛሬም አልተወም፤ እሱን ተዉት።

የላይ ሠፈርና የታች ሠፈር በየዓመቱ የገና ጨዋታ ይጫወታሉ። ሩሩን፣ ማለትም ድቡልቡሏን ኳስ፣ በቆልማማ ዱላ እየመታ ከባላጋራው መስመር ያሳለፈ ያሸንፋል። ያሸነፈው ሠፈር በጋውን ሙሉ ከምንጩ ቀድሞ ይጠጣል። የላይ ሠፈር አለቃ አንበሳ ነው። የታች ሠፈር አለቃ ደግሞ ውርንጭላ የምታጠባ አህያ ናት።

ታዲያ በዚያ ዓመት አንበሳ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ከቆላ ዝሆን አስመጣ። ከበረሃ ሰጎን አስመጣ። ከጫካ ነብር አስመጣ።

ጨዋታው ተጀመረ፤ ወዲያው አለቀ። ዝሆን ቆመ፣ ማን ይለፈው? ሰጎን ሮጠች፣ ማን ይድረስባት? ነብር ዘለለ፣ ማን ይጋፋው? የላይ ሠፈር አሸነፈና ዝሆን ቀድሞ ጠጣ። ዝሆን ከጠጣ በኋላ ምን ይተርፋል፣ ልጆች? ጭቃ ነዋ! አህያ ጭቃውን አየችና ወተቴ ደርቆ ውርንጭላዬ ሊሞትብኝ ነው ብላ አለቀሰች።

ከዚያማ ክርክሩ ጦፈ። በግ ይሄ የተውሶ ጉልበት ነው አለ። ፍየል ዝሆን ቢሰጡኝ እኔም አሸንፍ ነበር አለች። ዱላ ነክቶ የማያውቀው፣ ዳር ቆሞ ለላይ ሠፈር ሲጮህ የዋለው አያ ጅቦ ግን ደረቱን ነፋ።

«ድል ድል ነው! እንዴት ተገኘ ማለት የተሸናፊ ወሬ ነው» አለ።

አንበሳም ክርክሩን ሰማ። ጦጣን ጠርቶ አንቺስ ምን ትያለሽ አላት። በገና ጨዋታ ጌታ አይቆጣም፤ እሷም ይህን ታውቃለች። እጅ ነሣችና እንዲህ አለችው።

«ጌታዬ፣ ዝሆን አሸንፏል። ሰጎን አሸንፋለች። ነብር አሸንፏል። የላይ ሠፈር ግን መቼ ተጫወተ?»

አንበሳ አፈረ። እንግዶቹን ወደየአገራቸው ሸኘና ነገ በሠፈራችን ልጆች ብቻ ደግመን እንጫወታለን አለ። የሠፈሩ ልጅ ማን ነው? አያ ጅቦ! ዱላ አስያዙት።

በማግስቱ ሩሩ ተንከባሎ ጅብ እግር ሥር ደረሰ። ሩሩ የተሠራው ከጠፍር ነው። እስቲ አስቡት፣ ጅብና ጠፍር! አሸተተው። ላሰው። ዋጠው።

አህያ ውርንጭላዋን አሰበች፤ ጅብ መፍራቷንም ረሳች። ዞር ብላ በኋላ እግሯ ብታቀምሰው፣ አያ ጅቦ ከነሩሩ ከራሱ መስመር ወዲያ ተዘረጋ፤ የታች ሠፈር አሸነፈ።

ተነሥቶ ማለ፣ ተገዘተ። ሩሩን የመታው የለም፣ የተመታሁት እኔ ነኝ፣ ይሄ ድል እንዴት እንደተገኘ ይጣራልኝ አለ።

አንበሳ በሳቅ ፈረሰ። «አያ ጅቦ፣ ድል ድል ነው ብለህ የለም?» አለው። ምንጩንም ለአህያ ለቀቀላት።

አያችሁ ልጆች፣ ደጋፊ ሲያሸንፍ ምስክር ነው፤ ሲሸነፍ ዳኛ ይሆናል። በተውሶ ጉልበትም ድል ይገኛል፤ ጭቅጭቁ ግን አያልቅም። እኔ ተረቴን ጨርሻለሁ፤ ክርክሩን እናንተ ቀጥሉ።