ከእንግዳ የተደበቀ ገብስ

«አንድ ሰው ነበረ» አሉ መምህር ጥሩነህ፣ መነጽራቸውን አውልቀው በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ።

ስንዱ የጠየቀቻቸው ሌላ ነገር ነበር። የቀድሞ ተማሪያቸው ናት። በሚቀጥለው ሳምንት ባሕር ተሻግራ፣ እንደኛው ገና ለማደግ ወደሚፍጨረጨር አንድ ሩቅ አገር ትሄዳለች፤ በኤምባሲያችን የንግድ ጉዳይ ኃላፊ ሆና ተሹማለች። ልትሰናበታቸው መጥታ፣ «መምህር፣ እኛና እነሱ ወዳጅ ነን ስንባባል ስንት ዘመን ሆነን። ታዲያ የእኛ ሽምብራ በሌላ አገር ጆንያ ተሞልቶ እነሱ ዘንድ የሚደርሰው፣ የእነሱ መድኃኒትም በሌላ አገር መጋዘን ዞሮ የሚመጣልን ለምንድን ነው?» አለቻቸው። እሳቸው ግን በቀጥታ መመለስ አይወዱምና ተረታቸውን ቀጠሉ።

አንድ ሰው ነበረ፤ ደገኛ ገበሬ። ገብስ ይዘራል። መሬቱ ገብስ ነፍጎት አያውቅም፤ ጎተራው ሞልቶ ይተርፋል። የሚያጣው ጨው ነው። ከብቶቹ ጨው ካላገኙ ይከሳሉ፣ ግድግዳና ድንጋይ ይልሳሉ። ሌላም ሰው ነበረ፤ ከብዙ ቀን መንገድ ወዲያ፣ ታች ቆላ፣ ጨው ከምድር እየፈለጠ የሚኖር። በእሱ አገር ዝናብ ስለማይጥል እህል የሚባል አይበቅልም። የአንዱ ትርፍ የሌላው ጉድለት እንደሆነ እኔና አንቺ እዚህ ተቀምጠን ይታየናል፤ ለእነሱ ግን አልታያቸውም።

በመካከል ባለችው ከተማ አንድ ባለጠጋ ነጋዴ ነበረ። ገብሱን በርካሽ ገዝቶ ለቆለኛው በውድ ይሸጣል፤ ጨውንም እንደዚያው ለደገኛው። ነጋዴውን አልወቅሰውም፤ ሥራው ነው። የምናደደው በሁለቱ ነው።

ሁለቱ አንድ የገበያ ቀን ዝናብ ሲያባርራቸው እዚያች ከተማ አንድ ዛፍ ሥር ተጠለሉ። ደገኛው ስንቁን ፈትቶ አካፈለው፤ ቆለኛው ኮዳውን አቀበለው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ተዋደዱ፣ ወንድም ተባባሉ። መንገደኛ በተገኘ ቁጥር ሰላምታ ይላላካሉ። «ደህና ነህ ወይ?» «ደህና ነኝ፣ አንተስ?» ወዳጅነታቸው በሁለቱም አገር ይወራ ነበር። እውነተኛ ፍቅር ነበር፤ ባይሆንማ ነገሩ ይህን ያህል ባላሳዘነኝ።

አንድ ዓመት ቆለኛው ወዳጁን ሊጠይቅ ተነሣ። ቤቱ ረኃብ ገብቷል፤ ልጆቹ እሳት እንደነካው እንጨት ጠቁረው ከስተዋል። «ጨው እሰጠዋለሁ፣ ገብስ ይሰጠኛል» ብሎ በልቡ ወስኖ ነበር። ጭነቱን ሲያስር ግን ይሉኝታ ያዘው። «የወዳጅ ቤት ጨው ተሸክሜ ልሂድ? ነጋዴ ነኝ እንዴ?» አለ። ከተማ ሲደርስ ጨውን ለባለጠጋው ሰጥቶ ለወዳጁ ባለ ዘርፍ ጃንጥላ ገዛ። ልብሱን ግን በዚያው በአሮጌው የጨው ስልቻ እንደያዘ ቀጠለ።

ደገኛውም እንግዳ እንደሚመጣበት ሰማ። «ለእንዲህ ያለ ሰው ገብስ ላቀርብ ነው?» ብሎ አንድ ጭነት ገብስ ለዚያው ባለጠጋ አስረከበና ሩዝና ስኳር ይዞ ተመለሰ። ቤት ውስጥ የቆመውን የገብስ ጎታ እንዳይታይ መጋረጃ ጋረደበት።

ተገናኙ፤ ተቃቀፉ፤ ገበታ ቀረበ።

«ወንድሜ፣ አገራችሁ ገብስ ይበቅላል ሲሉ ሰምቼ ነበር» አለ እንግዳው።

ደገኛው ቤቱ የተናቀበት መሰለው። «ኧረ ተወኝ! ገብስ ደግሞ ምግብ ሆኖ! አንተስ፣ ዛሬም ያንን ጨው ትፈልጣለህ?»

«የለም፣ የለም፤ እሱ የአባቶቻችን ሥራ ነው» አለ እንግዳው፤ ጨው የበላውን እጁን ጋቢው ውስጥ ከተተው። መኝታ የተነጠፈለት ከመጋረጃው አጠገብ ነበር። የገብሱ ሽታ እያወደው ልጆቹን እያሰበ ተኛ።

ጠዋት ሊሰናበት ሲወጣ ስልቻውን ደጅ አስቀመጠ። የደገኛው በሬ፣ ዳልቻ የሚባለው፣ ተንገዳግዶ መጣና ስልቻውን ይልስ ጀመር። ዓይኑን ጨፍኖ፣ ስፌቱን ሁሉ እየፈለገ ላሰው። በሬ ይሉኝታ የለውም። እንግዳው አየ፤ ገባው። ደገኛውም እንግዳው እንደገባው አየ። እዚህ ላይ ከሁለቱ አንዱ አፉን ቢከፍት ኖሮ!

ደገኛው ዱላ አነሣ። «ሂድ ከዚህ! እንግዳ ፊት ታዋርደኛለህ?» ብሎ ከጥጃነቱ ጀምሮ መትቶት የማያውቀውን በሬ መታው። እንግዳው ፊቱን አዞረ፤ «ከብት እኮ የማይልሰው ነገር የለም» ብሎ ሳቀለት። ተሸኛኙ፤ ወንዙ ዳር ሲለያዩ ሁለቱም አለቀሱ።

በእርሻ ወራት ዳልቻ ቀንበሩ ሥር ወደቀ፤ አልተነሣም። ብዙም ሳይቆይ የቆለኛው ታናሽ ሴት ልጅ በረኃብ ሞተች የሚል መርዶ መጣ። ደገኛው መሬት ላይ ተቀምጦ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ከዚያ ተነሣ። ለቅሶ ቤት ባዶ እጅ አይኬድም፤ ለለቅሶ ደግሞ ገብስ አያሳፍርም። መጋረጃውን ገፈፈና አህዮቹን ጫነ። ለለቅሶ የሚሄድ ሰው ገበያ አይገባምና ከተማዋን ትቶ በአቋራጭ ወረደ። መንገዱ ደልዳላ ነበር፤ ውሃም ነበረው። ከጥንትም እዚያው ነበር።

ገብሱ ንፍሮ ሆኖ ለለቀስተኛ ቀረበ። እናቲቱ አንድ እፍኝ ይዛ ሳትበላው ብዙ ቆየች። ሲመለስ ቆለኛው ባዶውን ጆንያ ጨው ሞላለት። ደገኛው ጨውን ተሸክሞ ቤቱ ሲደርስ የዳልቻ ጋጣ ባዶ ነበር።

መምህር ጥሩነህ መነጽራቸውን አጠለቁና ወደ ስንዱ ዞሩ።

«ልጄ፣ ሁለቱ ሰዎች እኛና እነሱ ነን። ርቀቱ አይደለም የለያየን። ሲመጡ የሌላ አገር ብስኩት እናቀርብላቸዋለን፤ ስንሄድም ያንኑ ያቀርቡልናል። ስለ ትልልቅ ነገር እንናገራለን፣ እንጨባበጣለን፣ ፎቶ እንነሣለን። መድኃኒታችሁ ያስፈልገናል ማለት እኛን ያሳፍረናል፤ ሽምብራችሁ ይበጀናል ማለት እነሱን ያሳፍራቸዋል። እኛ ድርቅ ሲመታን ግን የእነሱ አውሮፕላን መንገዱን አላጣውም። እነሱን ጎርፍ ሲወስዳቸው የእኛም አላጣውም። ለለቅሶማ ጎበዞች ነን።»

ከዚያም መልሰው ጠየቋት።

«ለሰዎቹ ምን ይዘሽ ልትሄጂ ነው?»

«ከአየር ማረፊያው ቸኮሌት ልገዛ አስቤ ነበር» አለች፣ አንገቷን ደፍታ።

መምህር አልሳቁባትም። «ሽምብራውን ያዢ። ጠረጴዛቸው ላይ ዘርግፊው። ከዚያ የጎደለንን በራስሽ አፍ ንገሪያቸው፤ የጎደላቸውንም ጠይቂ። እና በሬሽ መጥቶ ስልቻቸውን የላሰ ቀን፣ እባክሽ ልጄ፣ ዱላ አታንሺ።»