የሰንሰለቱ ሌላ ጫፍ

አንድ ቅዳሜ፣ ግንቦት 12 ቀን፣ ሽማግሌዎች የልብስ ሰፊዋን የማንያህልሻልን ልጅ እጮኝነት አፈረሱ። እንደ ልማዱ የሁለቱን ወገን ዘር እስከ ሰባት ቤት እየቆጠሩ ነበር። ማንያህልሻል የአያቷን የቢያድግልኝን ስም፣ እናቷ እንዳስተማረቻት፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠራች። የሙሽራው አያት አቶ ደርበው ግን ሰሙ።

«ቢያድግልኝ? በሰንሰለት በገበያ መሀል የተነዳው? በእኛ በኩል አባቴ ጭቃ ሹም ወንድይራድ አለ፤ በእናንተ በኩል ሌባ። ቆጠራው እዚህ ይብቃ።»

«ሌባ ብሎ የፈረደበት ማን ነው?»

«ሰንሰለቱን አገር አይቶታል፤ ምን ፍርድ ያሻዋል!»

ሰኞ ጠዋት ሱቋን ዘግታ ወደ ፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት ሄደች። ሠራተኛው ጥያቄዋን ሲሰማ ሳቀ።

«እማማ፣ እዚህ የሚመጣው ሁሉ የደጃዝማች ዘር ነኝ ባይ ነው። እስረኛ ፍለጋ የመጡት እርስዎ ብቻ ነዎት። ሌባ ሆኖ ቢገኝስ?»

«ሌባም ቢሆን አያቴ ነው። ሌባ ከሆነ፣ ሌባው አያቴ ብዬ ጮክ ብዬ እጠራዋለሁ። በሹክሹክታ ግን ከእንግዲህ አልጠራውም።»

በአራተኛው ቀን ስሙ በእስረኞች መዝገብ ላይ ተገኘ፦ «ቢያድግልኝ፤ በሰንሰለት፤ ስምንት ወር።» ሠራተኛው አንገቱን ደፋ።

«ይሄ መታሰሩን ነው የሚናገረው» አለች። «ለምን እንደታሰረ የችሎቱ መዝገብ ይንገረኝ።»

የችሎቱ መዝገብ ከታችኛው መደርደሪያ ወጣ። ሠራተኛው አቧራውን አራግፎ የመጀመሪያውን መስመር ሁለት ጊዜ አነበበ። ቢያድግልኝ የተጻፈው ከሳሽ ተብሎ ነበር። በዚያ ዘመን ተከሳሽ እንዳያመልጥ ፍርድ እስኪሰጥ ድረስ ከከሳሹ ጋር በአንድ ሰንሰለት ይቆራኝ ነበር። ቢያድግልኝ አንዲት መበለት መሬቷን ስትነጠቅ አይቶ ስለ እሷ ከሰሰ። ክሱን ትቶ ሰንሰለቱን ማስፈታት በማንኛውም ቀን ይችል ነበር። ስምንት ወር ሙሉ አልተወውም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ማንያህልሻል ይህን ከመዝገቡ ግልባጭ ላይ በሽማግሌዎቹ ፊት አነበበች።

«ተከሳሹስ ማን ነበር?» አሉ አቶ ደርበው።

ወረቀቱን ዘረጋችላቸው። «እርስዎ ያንብቡት፤ ጮክ ብለው።»

አቶ ደርበው በዓይናቸው ብቻ አነበቡና ወረቀቱን አጣጥፈው መለሱላት።

«እኔ የልጅ ልጅዎን በአባትዎ ጥፋት አልመልሰውም» አለች። «ቆጠራው ካቆመበት ይቀጥል።»

ሰንሰለት ያየ ሁሉ ጥፋት ያየ ይመስለዋል፤ ያየው ግን ብረት ብቻ ነው። ፍርዱን ሳያነቡ ስም መጣል ቀላል ነው፤ የተጣለውን ስም ለማንሳት ግን መዝገብ የሚገልጥ ሰው ይፈልጋል። በእናንተስ ቤት በሹክሹክታ የሚጠራው ስም የማን ነው?

በወረቀቱ ላይ ተከሳሽ በሚለው ቃል ፊት የተጻፈው «ጭቃ ሹም ወንድይራድ» ነበር። ከሥሩም ፍርዱ «መሬቱን ለመበለቲቱ ይመልስ» ይላል።