የአዳሙን መታወቂያ ማን ያዘው?

ጆሮ ያለው ይጠጋ፤ እንቅልፍ የመጣበት ሄዶ ፊቱን ይታጠብ። ነገሬ ረጅም ነው፤ እየደጋገምኩ ስለምናገረው ግን ማንም አይጠፋበትም።

ስንዱ የምትባል ልጅ በጥር ልታገባ ነው። እናት አባት የላትም፤ ያላት አንድ ታላቅ ወንድም፣ አዳሙ ነው። በእነሱ አገር ደግሞ ወንድም በሩን ዘግቶ ሙሽራውን በደንብ ካላስለመነ እህት ከቤት አትወጣም። አዳሙ ቆላ ወርዶ አንድ እርሻ ላይ ጥጥ ይለቅማል። ሰርጉ ደርሶ እሱ ሲቀር ስንዱ ራሷ ልታመጣው ወረደች። የፈለገችው ሌላ ምንም አይደለም፤ ወንድሟን ብቻ ነው።

እርሻው በር ላይ ዘበኛ ቆሟል። አዳሙ ከአጥሩ ውስጥ ሆኖ ያያታል፤ እሷ ከውጭ ታየዋለች።

«ጋሼ፣ ወንድሜን ያሳልፉልኝ» አለችው ዘበኛውን።

«መታወቂያውን ካላሳየኝ አላሳልፈውም።»

«የመጣን ቀን ካቦው እንዳይጠፋባችሁ ልያዝላችሁ ብሎ ሰበሰበብን» አላት አዳሙ በአጥሩ በኩል። «ከዚያ ወዲህ ዓይኑን አላየሁትም።»

ሄደች ወደ ካቦው፣ ወደ ለቃሚዎቹ አለቃ። መታወቂያውን ሁሉ ቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ቆልፎ ቁልፉን አንገቱ ላይ አስሮታል። ክፉ ሰው አይመስልም፤ ሻይ እንኳን ጋብዟታል።

«እኔ ምን አገባኝ፣ እህቴ? ለቀማው ሳያልቅ እንዳትሰጣቸው ያለኝ ያመጣቸው ደላላ ነው። እሱ እሺ ካላለ አልከፍትም።»

እንግዲህ ካቦው ሣጥን አይከፍት፣ ዘበኛው አያሳልፍ፣ አዳሙ አይወጣ፣ ስንዱ አታገባ።

ሄደች ወደ ደላላው። መናኸሪያ ቆሞ ሌላ ሰው እያግባባ ነው። ሥራው ቀላል፣ ምግቡ ጥሩ፣ ምን የሌለ ነገር አለ!

«እኔ ምን አገባኝ?» አላት ዘወር ብሎ። «አንድ ሰው እንዳይጎድልብኝ ያለው የእርሻው ጌታ ነው። እሱ ካልለቀቀ እኔ እሺ አልልም።»

ደላላው እሺ አይል፣ ካቦው ሣጥን አይከፍት፣ ዘበኛው አያሳልፍ፣ አዳሙ አይወጣ፣ ስንዱ አታገባ።

ሄደች ወደ ጌታው። ጥላ ሥር ተቀምጦ ላቡን ይጠርጋል፤ ምን ሠርቶ እንዳላበው እንጃለት።

«እኔ ምን አገባኝ፣ የኔ ልጅ? ክር ፋብሪካው ጥጥ አምጣ፣ ቶሎ አምጣ እያለ መፈናፈኛ አሳጣኝ። ፋታ ካልሰጠኝ ለቃሚ አልለቅም።»

ጌታው አይለቅ፣ ደላላው እሺ አይል፣ ካቦው ሣጥን አይከፍት፣ ዘበኛው አያሳልፍ፣ አዳሙ አይወጣ፣ ስንዱ አታገባ። አትሰልቹ፤ እሷ በእግሯ እየሄደች አልሰለቸችም።

የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ አክብሮ ወንበር ሰጣት። ሰምቷትም አዘነ። ቢያዝንም ግን መልሱ ያው ነው።

«እኔ ምን አገባኝ? ሸማኔው ክር፣ ክር እያለ ደጄ ላይ ነው የሚያድረው። እሱ ካልታገሠኝ ለእርሻው ፋታ አልሰጥም።»

ሸማኔው ደግሞ ከሸማው ላይ ቀና እንኳን አላለም። «እኔ ምን አገባኝ? ሸማ አድርስ የምትለኝን ባለሱቋን ጠይቂያት። እሷ ካልተወችኝ አልታገሥም።»

አንድ ጊዜ ትንፋሽ ልውሰድ። ሸማኔው አይታገሥ፣ ፋብሪካው ፋታ አይሰጥ፣ ጌታው አይለቅ፣ ደላላው እሺ አይል፣ ካቦው ሣጥን አይከፍት፣ ዘበኛው አያሳልፍ፣ አዳሙ አይወጣ፣ ስንዱ አታገባ።

ባለሱቋ እትዬ ደብሪቱ የሐበሻ ቀሚስ ታሰፋለች፣ ትሸጣለች። ስንዱ ከበሩ ስትደርስ በሩ የምታውቀው ሆነባት። ገብታ ግን ነገሩን ከጥጡ ጀምራ እስከ ሸማኔው አንድ በአንድ ነገረቻት።

«እኔ ምን አገባኝ?» አለች እትዬ ደብሪቱ። «አንዲት የጥር ሙሽራ ናት የምታስቸኩለኝ። የራሷን ቀሚስ፣ የሚዜዎቿን ቀሚስ፣ አልደረሰም ወይ እያለች በስልክ ስትጨቀጭቀኝ…» አለችና አፏን ያዘች። «ቆይ እንጂ። አንቺው አይደለሽ እንዴ?»

አዎ፣ ራሷ ስንዱ ናት። በርጩማው ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ማልቀሷንስ አልፈርድባትም፤ ያ ሁሉ መንገድ ወደ ራሷ ነው ያመጣት። ሲወጣላት ዓይኗን ጠርጋ ተነሣች።

«ቸኩዬ ነበር፣ እትዬ፤ እውነት ነው። ሰው ቆልፉልኝ ግን አላልኩም። ለቃሚዎቹ ሁሉ መታወቂያቸው እጃቸው እስኪገባ ቀሚሱን አልወስድም። ቢቀርም ይቅር።»

«ይሄን ሁሉ ዘመን ሸማ ስገዛ ንጣቱን እንጂ ማን ለቀመው ብዬ ጠይቄ አላውቅም» አለች እትዬ ደብሪቱ። «ከዛሬ ወዲያ ሳልጠይቅ አልገዛም።» ስልኳንም አነሣች።

ያኔ ነገሩ ተገለበጠላችሁ። ስንዱ ቀሚሱን አልወስድም አለች፤ ባለሱቋ ሸማውን አልቀበልም አለች፤ ሸማኔው ክሩን አልነካም አለ፤ ፋብሪካው ጥጡን አላራግፍም አለ፤ ጌታው ደላላው ላይ ጮኸ፤ ደላላው ወደ ካቦው ሮጠ፤ ካቦው ሣጥኑን ከፈተ፤ ዘበኛው አሳለፈ፤ አዳሙም ወጣ። እሰይ!

እሱ ብቻም አይደለም፤ ሁሉም መታወቂያቸውን ወስደው ኪሳቸው ከተቱ። ካቦው «አሁን ጥጡን ማን ሊለቅምልኝ ነው?» ብሎ አንገቱን ደፍቶ ነበር። አገሩ የናፈቀው ሄደ፤ ሥራውን የፈለገ ቀረ፤ ማታ ሲሰለቸው ወጥቶ ከተማውን አይቶ ይመለሳል። ጥጡም ተለቀመ። ቀሚሱ ትንሽ ዘግይቶ ደረሰ፤ ጥር ሳይወጣ ግን ሰርጉ ሆነ።

ሙሽራው ከነሚዜዎቹ መጣ። አዳሙ በሩን ዘግቶ ደረቱን ነፍቶ ቆመ። ሽማግሌዎቹ እስኪመሽ ያስለምናቸዋል ብለው ተደላድለው ተቀምጠዋል። ሙሽራው «እባክህ ወንድሜ፣ ክፈትልን» አለ፤ አንድ ጊዜ፣ ያውም ቀስ ብሎ። አዳሙ በሩን ወለል አድርጎ ከፈተው።

«ምነው ልጄ፣ እንዲህ ይሆናል?» አሉ አንደኛው ሽማግሌ ቅር ብሏቸው።

«አልቻልኩም፣ አባባ» አለ አዳሙ። «ሰው ውጭ ቆሞ እየለመነኝ በር መያዝ አልሆነልኝም።»

ስንዱም እየሳቀች ወጣች።