አያ ጅቦ ያሠራው ገንዳ

በዚያ ጫካ ሥርዓት አልጠፋም ነበር፤ ሥርዓት የለውም ብሎ የሚያማ አይጠፋምና ይህን አስቀድሜ ልናገር። አንበሳው ይነግሣል። በዓመት አንድ ቀን ከዋሻው ወጥቶ ጉባኤ ይቀመጣል፤ በዚያ ቀን ያለው ይጸናል፣ በቀሩት ቀኖች ለሚጮኸው ጆሮ የሚሰጥ የለም። ከእሱ በታች አልሚዎቹ አሉ። አልሚ ማለት የሌላውን ጎሬ አፍርሶ በቦታው የተሻለ ጎሬ የሚሠራ ነው፤ የተሻለው ለማን እንደሆነ የሚጠይቅ እንደ ባለጌ ይቆጠራል። አልሚዎቹ ማኅበር አላቸው፤ ማኅበሩም በየዓመቱ በዚያው ጉባኤ ላይ «ለነዋሪው ደግ የሠራ» ብሎ ለአንዱ አባሉ የቀንድ ዋንጫ ይሸልማል። አምና ከርከሮ ሲሸለም ዳኛው ጅብ ነበር። ዘንድሮ ጅብ ሲታጭ ዳኛው ከርከሮ ሆነ። የተገረመ አልነበረም፤ መገረምም ጉልበት ይጠይቃል።

አያ ጅቦ የታጨው በገንዳው ነው። ሽኮኮዎች ይኖሩበት የነበረውን አለታማ ተዳፋት አፍርሶ ለጅብና ለቀበሮ ቤተሰቦች ሰፋፊ ዋሻ ሠራበት። ከተዳፋቱ ሥር ይፈስ የነበረውን ምንጭም ጠልፎ በድንጋይ ገንዳ አጠራቀመውና «ይህ ለነዋሪው ስጦታዬ ነው» አለ። ገንዳው ያማረ ነው፤ አልዋሽም። ጠርዙ ግን የተለካው በጅብ ደረት ነው። ሽኮኮ፣ ጥንቸልና ኤሊ ውሃውን የሚያውቁት በድምፁ ብቻ ነበር። ድንጋይ ቆልለው ለመውጣት ቢሞክሩ ዘበኛው ቀበሮ «የአካባቢውን ውበት ታበላሻላችሁ» እያለ ይበትንባቸዋል። ከርከሮ ገንዳውን ሊጎበኝ የመጣ ዕለት ብቻ የአያ ጅቦ ጉዳይ አስፈጻሚ እመት ጦጢት ራሷ መርገጫ ድንጋይ ደርድራ፣ ትንንሾቹን አሰልፋ አጠጣች። ከርከሮ አይቶ «ይበል» አለና ሄደ። ድንጋዩም ወዲያው ተነሣ።

በማግስቱ የእመት ሽኮኮ ትንሿ ልጅ፣ ትናንት የጠጣችበት መርገጫ ያለ መስሏት መጣች። ስታጣው ዘላ ጠርዙን ያዘች፤ ጠርዙን አልፋም ውስጥ ወደቀች። የሚያወጣት አልደረሰም። ምንጩ በመሬት ሲፈስ የሰመጠ ሽኮኮ ተሰምቶ አያውቅም ነበር።

ስለዚህ የዓመቱ ጉባኤ ከመድረሱ በፊት ትንንሾቹ ተሰብስበው መከሩ። የሚጠየቀው ነገር አንድ ነው፦ የገንዳው ጠርዝ በአንድ በኩል ዝቅ ይበልልን፣ በጋውን እንሻገር። አንበሳው ሰምቶ «ይሁን» ካለ አለቀ። አስቸጋሪው ማን ይናገር የሚለው ነበር።

«እኔ ልናገር፤ የሞተችው የኔ ናት» አለች እመት ሽኮኮ። «ሁለት ቃል ይበቃኛል።»

«አንቺማ ሐዘንተኛ ነሽ» አለች ጥንቸል። «እንባሽ ይቀድምሽና ነገሩ ይበላሻል። ደግሞስ ሳይመርቁ ዘው ብሎ መክሰስ የጨዋ ወግ ነው? በአባ ኤሊ አፍ ይሁን።»

የዚያ ጫካ ልማድ ይህ ነው፤ መጀመሪያ ካልመረቁ ወቀሳ አይሰማም። አፉን በምርቃት ያልፈታ ተናጋሪ ስድ ይባላል፤ የያዘው እውነት ቢሆንም ከነእውነቱ ይባረራል። በምርቃት ደግሞ አባ ኤሊን የሚያክል አልነበረም።

«አባ፣ ምርቃቱን አጠር ያደርጉታል?» ብላ ጠየቀቻቸው እመት ሽኮኮ።

«ምን ችግር አለው ልጄ፤ አጠር አድርጌ እመርቅና ወደ ነገሩ እገባለሁ» አሉ።

የእሳቸው አጠር ያለ ምን ያህል እንደሆነ የማያውቅ አልነበረም። ግን ሽማግሌን ማን ይቆጣል?

ጉባኤው ደረሰ። አንበሳው ቁርሱን ሳይቀምስ ስለወጣ ፊቱ አልተፈታም። ከርከሮ ተነሥቶ ስለ አያ ጅቦ ተናገረ፤ «ባለ ራዕይ» አለው፣ «የዘርፋችን ፈር ቀዳጅ» አለው፣ «ትልቁንና ትንሹን በአንድ ገንዳ ያገናኘ» አለው። ዋሻዎቹን በጥፍሩ የቆፈረው አዋልድጌሳ ስሙ አልተነሣም፤ ደክሞት ተኝቶ ስለነበር እሱም አላስተዋለም። አያ ጅቦ አንገቱን ሰበር አድርጎ «እኔኮ ምንም አላደረግሁም» ሲል ብቻ በዚያ ቀን አንድ እውነት ተነገረ።

«አሁን ደግሞ ከነዋሪው አንደበት እንስማ!» አለች እመት ጦጢት።

አባ ኤሊ መሐል እስኪደርሱ ብዙ ተጠበቁ። ደርሰውም አፋቸውን ፈቱ።

«ክፉውን ያርቅልን።»

«አሜን!» አለ ጉባኤው።

«ደጉን ያቅርብልን። ለንጉሣችን ዕድሜ ከጤና ይስጥልን። የበጋውን ሐሩር ያብርድልን። የሠራ እጅ አይዛል። ያጠጣ አይጠማ።»

በየመሐሉ አሜን ይባላል፤ የአያ ጅቦ ዘመዶች አሜን ከሁሉም ጎልቶ ይሰማ ነበር። እመት ሽኮኮም ከኋላ ቆማ አሜን አለች። «ያጠጣ አይጠማ» ሲባል ዝም ማለት አይቻልም፤ ነውር ነው።

ምርቃቱ ወደ ከብቱ፣ ወደ እህሉ፣ ወደ ሩቅ አገር መንገደኛ ተሻገረ። አንበሳው አዛጋ። ሁለተኛም አዛጋ።

«እንግዲህ ወደ ተነሣሁበት ስገባ» አሉ አባ ኤሊ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «ይህ ገንዳ...»

«ይህ ገንዳ!» ብላ እመት ጦጢት እያጨበጨበች ዘላ መሐል ገባች። «አባታችንን እንባ ተናነቃቸው! ከዚህ በላይ ምን ምስክር አለ?»

ጭብጨባው ቀለጠ። አንበሳው «ይሁን» ብሎ ተነሣ። ይሁን ያለው ለዋንጫው ነበር።

ሜዳው ሲበተን አባ ኤሊ ቆመው ቀሩ። ንግግራቸውን ተዘጋጅተውበት ነበርና አላቋረጡም። ጠርዙ ዝቅ ይበል፣ መርገጫው አይበተን፣ የሞተችው ልጅ ትታሰብ፤ አንድም ሳያስቀሩ ለባዶው ሜዳ ተናገሩ። እውነቱን ለመናገር ጥሩ ንግግር ነበር። ሽማግሌ እየተናገረ ጥሎ መሄድ ስለማይገባ እመት ሽኮኮ ብቻዋን እስከ መጨረሻው ሰማቻቸው።

«እንዴት ነው?» አሏት።

«ደግ ነው አባ። ይህንን አስቀድመውት ቢሆን።»

«ሳልመርቅ?» አሉ አባ ኤሊ፤ ከልባቸው ደነገጡ።

እመት ሽኮኮ ወደ ልጆቿ ሄደች። መከራከር ሰልችቷት ነበር።

ሳምንት ሳይሞላ አያ ጅቦ ሠራተኞች ሰደደ። ምርቃቱ ልቡን ነክቶት ኖሮ «የነዋሪው ቃል ለልጅ ልጅ ይቆይ» ብሎ በገንዳው ላይ አስቀረጸው። ምርቃቱ ረጅም በመሆኑ የነበረው ድንጋይ ለጽሑፉ አልበቃም። ስለዚህ በጠርዙ ላይ ዙሪያውን አንድ ረድፍ ድንጋይ ተጨመረ።

አባ ኤሊ ሰምተው ሊያዩ መጡ። አንገታቸውን እስከሚችሉት ድረስ አወጡ፤ ፊደሉ አልታያቸውም።

«ልጄ፣ ምን ይላል?» ብለው እመት ሽኮኮን ጠየቋት።

ቀና ብላ አየች።

«አሜን ይላል» አለቻቸው። ከዚያ የቀሩትን ልጆቿን አስከትላ፣ ነብር አድፍጦ ወደሚጠብቅበት ወደ ታችኛው ወንዝ ወረደች።