አባቱን ያሳፈረው ሥራ አስኪያጅ

አንድ የመዝናኛ ፓርክ ሥራ አስኪያጅ ነበር፤ ሽመክት ይባላል። ፓርኩ ያለው ሐይቅ ዳር ነው። ሽመክት የሚኮራበት ጨዋታ በተጠማዘዘ ሐዲድ ላይ ሽቅብ ወጥቶ ሰውን እያስጮኸ ቁልቁል የሚወነጨፈው ነው። ከእሱ ሌላ ሐይቁን ተከትላ በሰው እርምጃ የምትዞር አንዲት ግድግዳ የሌላት ትንሽ ባቡር አለች። ሕፃን ያቀፉ እናቶች፣ ጉልበታቸው የደከመ ሽማግሌዎችና እጅ ለእጅ የተያያዙ እጮኛሞች ይሳፈሩባታል። ሽመክት “ቀንድ አውጣዋ” ነው የሚላት። እሷን አስነቅሎ በቦታዋ ሌላ ተወንጫፊ ለመትከል ስለፈለገ የፓርኩን ባለቤት ወይዘሮ አልጋነሽንና ሁለት ሸሪኮቻቸውን ለቅዳሜ ቀጠራቸው።

አርብ ዕለት አባቱ አቶ ይርዳው ሳይታሰብ ከዳንግላ መጡ። “የምትሠራበትን ቦታ በዓይኔ ሳላይ አልመለስም” አሉት። አቶ ይርዳው ሠላሳ ዓመት የፈረስ ጋሪ ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው። ሽመክትን አሳድገው ለዩኒቨርሲቲ ያበቁትም በዚያችው ጋሪ ነው። እሱ ግን ወይዘሮ አልጋነሽን “አባቴ ትልቅ ነጋዴ ናቸው” ብሏቸው ነበር።

ቅዳሜ አባቱን ቤት ትቷቸው መውጣት አልሆነለትም። ይዟቸው መጣና ከእንግዶቹ ዓይን የሚርቁበትን ቦታ ፈለገ።

“አባዬ፣ እዚህች ባቡር ላይ ይቀመጡ። እኔ ሥራዬን እስክጨርስ እየደጋገሙ ይዙሩ” አላቸው።

“ደስ ይለኛል” አሉ አቶ ይርዳው። ኮታቸውን አስተካክለው ከአንዲት ልጅ ካቀፈች ወጣት እናት አጠገብ ተቀመጡ።

ሽመክት እንግዶቹን ተቀብሎ ፓርኩን ያስጎበኝ ጀመር። ከሐዲዱ ሦስት እርምጃ ያህል ርቀው ቆመው ስለ አዲሱ ጨዋታ ሲያስረዳ፣ ባቡሯ ከዛፎቹ መሐል ብቅ አለች። አቶ ይርዳው ልጃቸውን ባዩ ጊዜ ፊታቸው በራ። እጃቸውን ከፍ አድርገው “ልጄ! ልጄ!” እያሉ አውለበለቡለት።

ወይዘሮ አልጋነሽ ዘወር አሉ። “አባትህ ናቸው እንዴ?”

“ኧረ አይደሉም” አለ ሽመክት እየሳቀ። “ሽማግሌ ሰው መቼም ያየውን ሁሉ ‘ልጄ’ ማለት ልማዱ ነው። አላውቃቸውም።”

ተወንጫፊው ቢሆን ኖሮ ቃሉ ጆሯቸው ሳይደርስ ያልፍ ነበር። ያቺ ባቡር ግን ቀስ ብላ፣ ድምፅ ሳታሰማ ነው የምታልፈው። አቶ ይርዳው እያንዳንዷን ቃል ሰሟት። ያነሡትን እጅ ቀስ አድርገው ጉልበታቸው ላይ አሳረፉት።

ባቡሯ ዞራ ስትቆም ወይዘሮ አልጋነሽ የተሳፋሪ አስተያየት መስማት ፈልገው ወደሚወርዱት ሽማግሌ ቀረቡ። “አባባ፣ እንዴት አገኟት?”

“እኔ እንኳ ስነዳ የኖርኩ ሰው ነኝ” አሉ አቶ ይርዳው። “ሌላ ሰው ነድቶልኝ ተቀምጬ ሳይ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ውኃውን አየሁ፣ ወፎቹን አየሁ። አጠገቤ ያለችው ልጅ የአራስነቷን ወግ ስታጫውተኝ ነበር። እዚያ ላይ የሚወነጨፉት ሲጮኹ ሰማሁ፤ ደስ ብሏቸው ይሁን ፈርተው ግን ፊታቸውን ለይቼ ማየት አልቻልኩም።”

ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ። ባርኔጣቸውን አውልቀው እጅ ነሡ። “የቦታው ኃላፊ እርስዎ ነዎት አሉ። እግዜር ይስጥልኝ ጌታዬ። አባት ካለዎት አንድ ቀን አምጥተው እዚህች ላይ ያስቀምጧቸው፤ ደስ ይላቸዋል።”

ከተወለደ ጀምሮ “አንተ” ያሉት አባት ሽመክትን “እርስዎ” አሉት። የእሱን ውሸት ሊሸፍኑለት እንደሆነ ገብቶታል። “አባቴ ናቸው” ለማለት አፉን ከፈተ። ቃሉ ግን አልወጣም። አቶ ይርዳውም ባርኔጣቸውን ደፍተው ወደ በሩ አቀኑ።

እንግዶቹ እንደሄዱ ሽመክት ሮጦ ወጣ። አባቱን ከአጥሩ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገኛቸው፤ ወደ ቤቱ የሚወስደውን መንገድ አያውቁትም ነበር። እግራቸው ላይ ወደቀ።

“ተነሥ” አሉት። “አልተቆጣሁህም። እዚህ ቁጭ ብዬ፣ ልጄ የሚያፍርብኝ ምን ክፉ ሥራ ሠርቼ ይሆን እያልኩ ሳስብ ነበር። ብፈልግ ብፈልግ አላገኘሁም። አንተ ታውቀው እንደሆን ንገረኝ።”

ቢሰድቡት፣ ቢረግሙት ይሻለው ነበር። እሳቸው ግን የምራቸውን ጠይቀው መልሱን ይጠብቁ ነበር።

እሑድ አባቱን አውቶቡስ ላይ አሳፈራቸው። ሰኞ ጠዋት ወይዘሮ አልጋነሽ ቢሮ ገብቶ ቆሞ ተናገረ። “ቅዳሜ አላውቃቸውም ያልኳቸው ሰው አባቴ ናቸው። ነጋዴ አይደሉም፣ ጋሪ ነጂ ናቸው። ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው።”

“አውቄ ነበር” አሉት ወይዘሮ አልጋነሽ። “ባቡሯ ቀስ ብላ ስታልፍ ፊታቸውን በደንብ አየሁት። ግንባሩም አፍንጫውም ያንተ ነው። ስትክዳቸው እጃቸው እንዴት እንደወረደም አይቻለሁ። እንግዲህ ያቺ ባቡር ትነቀል ያልከኝን አልቀበልህም።”

ሽመክት ራሱን እንዳቀረቀረ ወጣ። አባቱ ይቅር ብለውታል፤ በየበዓሉም ይደውሉለታል። ወደ ፓርኩ እንዲመጡ በለመናቸው ቁጥር ግን “ይሁን፣ እናያለን” ይላሉ እንጂ አልመጡም። እሱም “ቀን ይቁረጡልኝ” ብሎ ለመጫን ፊት የለውም።

ወዳጆቼ፣ ተወንጭፎ መሄድ ያስደስታል፤ ለጊዜው ደም ያሞቃል። ቀስ ብሎ የሚሄድ ግን የሰው ፊት ያያል፣ የሰውንም ቃል ይሰማል። እኛ ከፍ ወዳለው ለመድረስ ስንጣደፍ፣ ያደረሱንን ሰዎች ከመንገዳችን ገለል አድርገን “አላውቃቸውም” እንላለን፤ የማይሰሙን ይመስለናል። ይሰሙናል። ብዙ ጊዜ ዝም የሚሉትም እኛ እንዳናፍር ብለው ነው።

አንባቢ ሆይ፣ አንተስ በሰው ፊት የማታውቀው መስለህ ያሳለፍከው ማንን ነው? ዛሬ በሕይወት ካለ፣ ሳይመሽ ስሙን ጠርተህ “የእኔ ነው” ማለት ምን ይከብድሃል?