ከልብ ጀርባ የታየው

በአንድ ወቅት፣ የራጅ መሣሪያ ወደ አንዲት የደጋ ከተማ በገባ ሰሞን፣ አንዳርጌ የሚባል ወጣት ሐኪም ነበር። አንድ ቀን እማማ ደብሪቱ የሚባሉ የሰማንያ ዓመት አሮጊት ምራታቸው ይርገዱ ደግፋቸው መጡ። ትኩሳት የላቸው፣ ሳል የላቸው፤ ብቻ እህል አልቀምስ ብለዋል፣ ከሞቱት ባላቸው ጋርም ያወራሉ። ወረፋው በዝቶ ነበርና አንዳርጌ ደረታቸውን በልብሳቸው ላይ አዳምጦ፣ «እርጅና ነው፤ ቤት ወስደሽ አሳርፊያቸው» አላት።

ይርገዱ ወሰደቻቸው። ግን አማቷ ጋደም ብለው ሳሉ እንደ ሯጭ ቶሎ ቶሎ ሲተነፍሱ አየች። በማግስቱ አዝላቸው ተመልሳ ከሐኪሙ በር ላይ ተቀመጠች።

«ውስጣቸው ካልታየ አልነሳም!»

አንዳርጌ ተናደደ፤ ለመገላገል ያህል ራጅ አዘዘ። ፊልሙ ሲመጣ ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስቶ፣ «ይኸው፣ ንጹሕ ነው» አለ።

ራጅ አንሺው ግዛው ግን አልተዋጠለትም። ማንም ሳያዘው አሮጊቷን ደግፎ አስቀመጠና በጎን በኩል ሌላ ራጅ አነሳቸው።

«ዶክተር፣ እስቲ ከልብ ጀርባ ይመልከቱልኝ።»

ከልብ ጀርባ ነጭ ጉም የመሰለ ነገር ተጋድሟል። የሳንባ ምች! አንዳርጌ የሚገባበት ጠፋው። በሽታው በእርጅና ጊዜ ያለ ሳልና ያለ ትኩሳት እንደሚመጣ ተምሮት ነበር። ይርገዱን ቀና ብሎ ማየት አቃተው፤ ቢሆንም ወረፋ ጠባቂው ሁሉ እየሰማ፣ «ጥፋቱ የእኔ ነው» አለ። ከዚያ በኋላ ከአሮጊቷ አልጋ አልራቀም። በሁለተኛው ቀን ትንፋሻቸው ሊቋረጥ ሲል አጠገባቸው ነበርና ደረሰላቸው።

እማማ ደብሪቱ ድነው፣ በእጃቸው የፈተሉትን ቡልኮ ይዘው መጡ። ዘርግተው አንዳርጌ ትከሻ ላይ ጣል አደረጉት። ሐኪሙ እሳት ያረፈበት ያህል ሸሸ።

«እማማ፣ እኔ እኮ እንዲሞቱ የሰደድኩዎ ነኝ። ለይርገዱ ይስጧት።»

«እኔ ትንፋሻቸውን እንጂ ውስጣቸውን መች አየሁ?» አለች ይርገዱ። «ቡልኮው የግዛው ነው።»

«ፎቶ ማንን ያድናል?» አለ ግዛው። «አክመው ያዳኗቸው ዶክተሩ ናቸው።»

እማማ ደብሪቱ ሦስቱንም አዩ። ቡልኮው አንድ ነው።

እስቲ ፍረዱ፦ እናንተ ብትሆኑ ለማን ታለብሱት ነበር?